አፍ ሲያቅተው፦ ከሙኑኪ፣ ስለ አንድ ሙያ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሪሴትልመንት አይደለም፣ ስለ ራሽን ካርድም አይደለም። ስለ አንድ ሙያ ነው። ሰውን በንግግር የሚያክሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ፣ ሳይኮቴራፒስት የሚባሉት። ከነሱ ውስጥ የተወሰኑት ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሡና በሥዕል፣ በውዝዋዜ፣ በቴአትር፣ በትንፋሽ ማከም ጀመሩ። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ነው የማወራችሁ። "በዚህ ሙቀትና በዚህ ችግር መሀል ይሄ ምን ያደርግልናል?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንደዛው ብዬ ነበር።

የምኖረው ጁባ፣ ሙኑኪ ነው። ቀን ቀን ትንሽ ሱቅ እጠብቃለሁ፤ ሲጠሩኝ ደግሞ አስተረጉማለሁ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ጁባ ዓረብኛ። ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ቢሮ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም ፖሊስ ጣቢያ። ከሁሉም የሚከብደኝ የምክር አገልግሎት ላይ ማስተርጎም ነው። የሐኪም ቤቱ "የት ጋ ያምሃል?" ነው፣ ያልቃል። የምክሩ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት "ሆዴ ባባ" ስትል ምን ብዬ ላስተርጉመው? ሆዷን አሟታል ካልኩ ኪኒን ይሰጧታል። "ልቤ ተሰበረ" ያለ ሰው የልብ ምርመራ ሲታዘዝለት አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ይዤ ገባሁ። ስሙንም የመጣበትንም ትቼዋለሁ። ጠያቂው ጥሩ ሰው ነበር፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ውሃም አቀረበለት። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ "ምን ደረሰብህ?" ልጁ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። በግራው ይይዘዋል፤ ግራውም አብሮ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሦስት ቀጠሮ ሄድን። በሦስተኛው ፋይሉ ላይ "ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም" ተብሎ ተጻፈ። ይቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የነገርኩት እኔ ነኝ። "እሺ ጋሼ" ብሎኝ ወጣ። ቢሮውን አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ግን እስከዛሬ ታቃጥለኛለች።

ወራት አልፈው ሌላ ባለሙያ መጣችና እንደገና ተጠራን። ይቺኛዋ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ ገመድ አወጣች። የገመዱ አንድ ጫፍ የተወለደበት ቀን ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ተጠቅልሎ የቀረው ደግሞ ገና ያልኖረው ዕድሜ። ለክፉ ቀን ድንጋይ፣ ለደግ ቀን አበባ አስቀምጥበት አለችው። ድንጋይ ሙኑኪ ሞልቷል። አበባ አጣን፣ እኔ ወጣ ብዬ ከግቢው የኒም ቅጠል ቆርጬ መጣሁ። ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገር ድንጋይ ይደረድራል፣ ያነሳል፣ ቦታ ይለውጣል። አስተርጓሚው ሥራ ፈታ! በመጨረሻ አንዱን ትልቅ ድንጋይ በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ ክረምት ላይ ነበር" አለ። ከአፉ የወጣች የመጀመሪያ ቃል እሷ ነች። እጁን አየሁት፤ ቀጥ ብሏል ልላችሁ አልችልም፣ ግን ድንጋዩን ይዞ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይሄን ነገር ማን አመጣው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። እሷ ጥቂት ስም ጻፈችልኝ፣ የቀረውን በስልኬ መብራት ባለ ጊዜ እያነበብኩ ነው የሰበሰብኩት።

መጀመሪያ አፍ ለምን እንደሚያቅተው እንይ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ፈቃድ አይጠይቅም። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። ሁለቱም ካልተቻለ ሰውነት ድርቅ ይላል። አደጋው ሲያልፍ ይሄ ሁሉ መርገብ ነበረበት። አንዳንድ ሰው ላይ ግን አይረግብም፤ ደወሉ እንደተደወለ ይቀራል። የበር መንኳኳት፣ የጄኔሬተር መነሳት፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይበቃዋል። በ1996 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ችግር ያለባቸውን 8 ሰዎች የደረሰባቸውን እየሰሙ አንጎላቸውን በመሣሪያ አዩት። ስሜትና ፍርሃት የሚሠራበት አካባቢ ሲቀጣጠል፣ በግራ በኩል ያለው ቃል የሚያወጣው ክፍል ደግሞ ሥራው ቀንሶ ታየ። 8 ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉንም ነገር አይፈታም። ግን የኔን ልጅ አስታወሰኝ። "ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም" የተባለው ልጅ ምናልባት ቃል የሚያወጣበት ቦታ በዚያች ሰዓት ተዘግቶበት ነበር።

ከዚያ ጥናት ተመራማሪዎች አንዱ ቤሰል ቫን ደር ኮልክ ነው። የኔን ጥያቄ በደንብ የሚመልሰው የሱ የሥራ መንገድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የተወለደው በ1943 ሆላንድ ውስጥ፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነው። የአእምሮ ሐኪም ሆኖ በ1978 ቦስተን በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሥራ ገባ። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ አንዱ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ሰው ነበር፤ ሌሊት ቅዠት አያስተኛውም። ሐኪሙ ለቅዠቱ መድኃኒት ሰጠው፣ ሰውዬው ግን አልዋጠውም። ምክንያቱም ሕልሙ ከቆመ የሞቱት ጓደኞቹን የተዋቸው፣ ሞታቸውንም ከንቱ ያደረገው መስሎ ተሰማው። እናንተ ውስጥ ይሄ የማይገባው ሰው ይኖራል? ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለሐኪሙ ግን ከተማረው ሁሉ ውጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መድኃኒቱንም ንግግሩንም ሞከረ፣ የሚረዱትን ረዱ፤ የማይነቃነቁትን ደግሞ አየ። ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት ዞረ፣ ወደ ትንፋሽ፣ ወደ ዮጋ፣ ወደ ቴአትር። በ2014 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት 64 ሴቶችን ይመለከታል፤ ብዙ ዓመት የታመሙ፣ ሌላ ሕክምና ያልበቃቸው። ለ10 ሳምንት ዮጋ ከሠሩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጨረሻው ምርመራ ሕመሙ አለባቸው የሚያሰኘውን መለኪያ አላሟሉም፤ በሌላኛው ቡድን ግን እንዲህ የሆኑት አንድ አምስተኛ ገደማ ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው መጽሐፉ በዓለም ላይ እጅግ ተነቧል። ከሙያው ሰዎች "ከማስረጃው በላይ ይናገራል" ብለው የሚተቹት እንዳሉም ልንገራችሁ፤ እኔም እንደ ወንጌል አልይዘውም።

ግን ነገሩ በሱ አልተጀመረም። የሚገርመው፣ ወደ ኋላ ስሄድ ደጋግሜ ያገኘሁት ስደተኛና የስደተኛ ካምፕ ነው።

ያኮብ ሞሬኖ በ1889 ቡካሬስት ተወልዶ ቪየና ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሚተርንዶርፍ በሚባል ካምፕ ውስጥ ሠርቷል። ካምፑ የኦስትሪያ መንግሥት ከጦር ግንባር አጠገብ ያፈናቀላቸው ጣልያንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች የሰፈሩበት ነበር። እዚያ ያየው ነገር ለእኛ ተረት አይደለም፦ ሰው ማን ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ በባራክ ውስጥ ይታጎራል፤ ጠቡ፣ ሕመሙ፣ ሐሜቱ ከዚያ ይመነጫል። ሞሬኖ ሰዎቹ በምርጫቸው፣ በሚዋደዱት ልክ ይደልደሉ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። (ይሄ ደብዳቤ ዛሬም ለየካምፑ ማኔጀር ቢላክ አይጎዳም።) ከጦርነቱ በኋላ ቪየና ውስጥ ያለ ድርሰት የሚሠራ ቴአትር አቋቋመ፣ በ1925 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ በ1936 ኒውዮርክ አጠገብ መድረክ ያለው የሕክምና ቤት ከፈተ። ሕመምተኛው የደረሰበትን መናገር ብቻ ሳይሆን ቆሞ ይሠራዋል፤ ያን ቀን መናገር ያቃተውን ነገር አሁን ይናገረዋል፣ ሌላው ሰው የአባቱን ወይም የዘበኛውን ቦታ ይይዝለታል። ሳይኮድራማ የሚባለው ይሄ ነው።

በሥዕል በኩል ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ሠዓሊ ነበረች፤ ፕራግ ውስጥ ከጀርመን ለሸሹ ሰዎች ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበር። ኤዲት ክራመር የምትባል ወጣት ደግሞ ተማሪዋና ረዳቷ። በ1938 ኤዲት ወደ ኒውዮርክ አመለጠች። ፍሪድል ቀረች። በ1942 መጨረሻ ናዚዎች ቴሬዚን ወደሚባለው ማጎሪያ ወሰዷት፣ እዚያም ለታጎሩት ልጆች ሥዕል ማስተማሯን አላቆመችም። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከኋላዋ በሁለት ሻንጣ ውስጥ ወደ 4,500 የሚጠጋ የልጆች ሥዕል ተገኘ። አብዛኞቹ ልጆችም አልተረፉም። ኤዲት በኒውዮርክ መጀመሪያ የሠራችው ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን ላይ ነው። በ1950ዎቹ ችግር ውስጥ ለነበሩ ወንድ ልጆች በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት የሥዕል ሐኪም ሆነች፣ በ1958 መጽሐፏን አወጣች፣ እስከ 2014 ድረስ ኖራ 98 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አረፈች። አሁን "አርት ቴራፒ" ተብሎ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት ከሷ ብዙ ወስዷል።

ውዝዋዜው በማሪያን ቼስ ይጀምራል። ዋሽንግተን ውስጥ የዳንስ አስተማሪ ነበረች። ከተማሪዎቿ ውስጥ ዳንሰኛ ለመሆን ሳይሆን ሲወጡ ቀለል ስለሚላቸው ብቻ የሚመጡ እንዳሉ ልብ አለች። ሐኪሞችም ልብ አሉና በ1942 ሴንት ኤልሳቤጥስ የሚባለው ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል ጠራት። ከማንም ጋር የማይነጋገር ሕመምተኛ አጠገብ ትቆምና የሱን እንቅስቃሴ ትይዛለች፤ ሲወዛወዝ ትወዛወዛለች፣ ትከሻውን ሲሰብቅ ትሰብቃለች። ማስመሰል ወይም ማፌዝ አይደለም፣ "አይቼሃለሁ" ማለት ነው በሰውነት። በ1966 የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷ ሆነች።

ይሄን ሳነብ ከት ብዬ ነው የሳቅኩት። እስክስታ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ትከሻ ለትከሻ የሚባባለው ምን ሊሆን ነው? የለቅሶ ቤት ደረት መምታትና ሙሾስ? በየካምፑ እንደምንም ተፈልጎ የሚፈላው ቡና፣ ዕጣኑ፣ ሦስቱ ስኒ፣ የጎረቤት መጠራራቱ? ዳዊት በገና እየደረደረ የሳኦልን መንፈስ ያሳረፈበትን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፣ በገናው የዳዊት መሆኑንም። ዛርን በተመለከተ አማኞቻችን ቅር እንዳይላችሁ፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም። ግን ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1932 ጎንደር ወራት ተቀምጦ የዛር ቤቱን ከበሮ፣ ጉሪና ቡና ሲመዘግብ ከርሞ፣ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል። ሰው በሌላ ስም፣ በሌላ ድምፅ የማይናገረውን ይናገራል ብሎ። ሞሬኖ ቪየና ላይ ካደረገው ጋር ያለው ርቀት ብዙ አይመስለኝም።

ልዩነቱን ግን ማደብዘዝ አልፈልግም። ቡና ማፍላት ቡና ማፍላት ነው። ሙያ የሚሆነው የሚያደርገው ሰው ለምን እንደሚያደርገው፣ መቼ ማቆም እንዳለበት፣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል ሲያውቅ ነው።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ በላይ ከሚሆኑ የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ጋር ካርሚና ቡራና በሚባለው ሙዚቃ ላይ ትርኢት አዘጋጀ። ከዚያ "አዱኛ" የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ለመንታ ልጆች ቤተሰቦች የቆመው ጀሚኒ ትረስት ነበር የያዘው። ልጆቹ ለዓመታት ሠለጠኑ፣ ከዚያ ራሳቸው ሌሎች ልጆችን አስተማሩ፣ የአካል ጉዳት ካለባቸው ወጣቶች ጋርም ሠሩ። ሕክምና ብለው አልጠሩትም፤ ሐኪምም አልነበሩም። ግን ጎዳና ላይ "ዞር በል" ሲባል የኖረ ልጅ መድረክ መሀል ቆሞ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው ሰውነቱ ምን እንደሚማር ማሰብ አያቅትም።

ወደ ጎረቤታችን ኡጋንዳ ልሻገር፣ ምክንያቱም ያ ገመድ የመጣው ከዚያ በኩል ነው። ከጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ኖይነር፣ ማጊ ሻወርና ቶማስ ኤልበርት የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል የሚያስተርክ አጭር ሕክምና አዘጋጁ። በ2004 የወጣው ጥናታቸው ኢምቬፒ ሰፈራ ውስጥ በነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ላይ የተደረገ ነው። በ4 ቀጠሮ ብቻ ይህን ሕክምና ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ ሕመሙ የቀጠለባቸው 29 በመቶ ነበሩ፤ ሌላ ዓይነት ምክር ካገኙት ግን 79 በመቶ። በ2008 ደግሞ ናኪቫሌ ካምፕ ውስጥ በ277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች ላይ ሲሞክሩት አካሚዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከስደተኛው መሀል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። አሁንም ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ይቺን ሁለት ጊዜ አንብቧት፤ ከስደተኛው መሀል።

የውዝዋዜውም መንገድ እዚሁ አጠገባችን ይደርሳል። ዴቪድ አላን ሃሪስ የሚባል የዳንስ ሐኪም ያለ ወላጅ ወደ አሜሪካ ከተወሰዱ የደቡብ ሱዳን ወጣቶች ጋር ሠርቷል። አዲስ ዳንስ አላስተማራቸውም፤ የራሳቸውን የዲንቃ ጭፈራ እንዲያነሱት ቦታ ነው የከፈተላቸው። ሴራሊዮን ውስጥ ደግሞ በልጅነታቸው ጠብመንጃ ከያዙ 12 ወጣቶች ጋር ሠራ። ጭንቀታቸውና ቁጣቸው መቀነሱን በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጿል። ልጆቹ በመጨረሻ በማኅበረሰቡ ፊት ቆመው የተደረገባቸውንም ያደረጉትንም በእንቅስቃሴ አሳዩ። የሚያነጻጽሩት ሌላ ቡድን ስላልነበረ እንደ ኡጋንዳው ጥናት አጥብቆ የሚያዝ ማስረጃ አይደለም። ግን የተጎዳም የጎዳም ሰው በአንድ ገላ ውስጥ እንደሚኖር በቃል ብቻ ስንቱ ይናገረዋል?

እንግዲህ "እኔ እንዴት ልግባበት?" ለምትሉ። ከጠየቃችሁኝ መነሻው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ካምፕ ውስጥ በኢንሴንቲቭ የሚሠሩ የማኅበረሰብ አማካሪዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው እንዲሰጧቸው ያዘጋጃቸው አጫጭር መርሐ ግብሮችም አሉ። አንደኛው 5 ቀጠሮ ብቻ ነው። ሌላው በድምፅ የተቀረጸ ትምህርትና ሥዕል ያለው መጽሐፍ ነው፤ ወደ 30 ሰው በአንድ ጊዜ ተቀምጦ ይሰማዋል። ይሄኛው ኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ውስጥ በጁባ ዓረብኛ ተቀርጾ በ694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች ላይ ተሞክሯል፣ ውጤቱ በ2020 ታትሟል፤ ያሰሙት ሴቶቹን የሚመስሉ ተራ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ተመዝገቡ። ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሥነ ልቦና፣ ሶሻል ወርክ ወይም የአእምሮ ነርስነት ይማራል፤ በሥዕል፣ በድራማ ወይም በዳንስ ማከም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ በማስተርስ የሚመጣ ነው። በአፍሪካ ጆሃንስበርግ የሚገኘው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ የድራማ ሕክምና ያስተምራል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዩኤንኤችሲአር ዳፊ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ ይሰጣል፤ ስሙ ከአልበርት አንስታይን ጋር የተያያዘ ነው፣ እሱም ስደተኛ ነበረና። በሁለት ቀን "ትራውማ ቴራፒስት" የሚል ሰርተፊኬት የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።

መንገዱ ረጅም ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ አገራችንም ቢሆን ገና በቅርቡ ነው የጀመረችው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚያው ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ለዚህ ትምህርት ውጭ መሄድ ነበረበት፣ የአገሩ ሕመምተኛ ሁሉ ደግሞ አማኑኤልን ይጠብቃል። እዚህ ጁባ ያለው ከዚያ ይብሳል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ሪፖርት በመላው ደቡብ ሱዳን ሕመምተኛ የሚያስተኛው የመንግሥት የአእምሮ ክፍል ጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል ያለው ብቻ መሆኑን፣ 12 አልጋም እንዳለው፣ ብዙ ሕሙማን ወንጀል ሳይሠሩ እስር ቤት እንደሚቀመጡ ጽፏል። በዚያው ዓመት "አና ታባን" የሚል የደቡብ ሱዳን አርቲስቶች ቡድን ተነሥቶ በግድግዳ ሥዕልና በመንገድ ቴአትር መሥራት ጀመረ። ትርጉሙ "ደክሞኛል" ማለት ነው። የትርጉም ሥራ እንዲህ ሲቀል ደስ ይለኛል።

የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። ሥዕልና ትንፋሽ መድኃኒት አይተኩም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ "ራሴን ላጥፋ" የሚል ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፣ ዛሬውኑ፤ ብቻውንም አይተው። መድኃኒት የጀመረ ሰው በማንም ምክር በራሱ አያቁም። ሁለተኛ፣ ማንንም አስገድዳችሁ አታስተርኩ። "ተናገረው ይወጣልሃል" የሚለው ምክራችን ደግ ይመስላል፣ ግን ያልሠለጠነ ሰው ድንጋዩን አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ ካቃተው ሌሊቱን የሚያድርበት ባለቤቱ ነው። እኔም ገመድ ይዤ በየቤቱ አልዞርም።

ለራሳችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ትንሽ ነገር ግን አለ። ሲጨንቃችሁ ተቀመጡ፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስነኩ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም፤ ትንፋሽ ስናወጣ ልብ ቀስ ይላልና። ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ብዙ አሠልጣኞች "ጨፍኑ" ይላሉ፣ ግን ክፉ ያየ ሰው ሲጨፍን ያው ክፉው ይመጣበታል። ይልቅ በዙሪያችሁ ያለውን በስሙ ጥሩት፦ ጄሪካን፣ ምንጣፍ፣ ዛፉ፣ የልጁ ጫማ። ለአምስት ደቂቃ ሞክሩት። ካልተመቻችሁ ተዉት፣ ግዴታ አይደለም።

ባለሙያዋ ኮንትራቷ አልቆ ሄዳለች። ገመዱን ለኔ ትታልኛለች፣ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ማዳበሪያ በላይ ተሰቅሏል። ልጁ ባለፈው ሰሞን ብቅ አለ። እጁ አሁንም ሲደክመው ይንቀጠቀጣል። ሳሙና ገዛ፣ መልሱን ተቀበለ፣ ከዚያ ከኪሱ አንድ ጠጠር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ደንግጬ "ደሞ ምን መጣ?" አልኩት።

"ኧረ የለም ጋሼ" አለኝ፣ "ይሄኛው አበባ ነው። አበባ አጥቼ ነው።"